ለጎበዞቹ ልጆች የተደረገው ገለጻ፦ ምን ተባለ? ምንስ ሳይባል ቀረ?

በዚህ ዓምድ እስካሁን ስንተች የቆየነው የክበባችንን ድራማዎች፣ ወደ ቤተ መጻሕፍታችን የገቡ መጻሕፍትን፣ አንዳንዴም የፈተና ወረቀቶችን ነው። ዛሬ ደግሞ ገለጻ እንተቻለን። «ገለጻ ደግሞ ይተቻል እንዴ?» የሚል አይጠፋም። ለምን አይተችም? ተናጋሪ አለው፣ አድማጭ አለው፣ በወረቀት የተጻፈ መመሪያ አለው። ከድራማ የሚለየው ነገር ቢኖር ተመልካቹ ሲወጣ ልጁን እዚያው ትቶ መሄዱ ነው።

የምተቸው በፈተና መርጦ የሚቀበል አንድ ትምህርት ቤት ለአዲስ ተማሪዎችና ለወላጆች ያዘጋጀውን የማስተዋወቂያ ቀን ነው። ትምህርት ቤቱ ከ7ኛ እስከ 9ኛ ክፍል ያስተምራል። ስሙን አልጠራም፤ እንዲህ ያለ ገለጻ ሌላ ቦታ የሰማችሁ ሁሉ ያው እንደሆነ ታውቁታላችሁና። እኔ ለአማርኛ ተናጋሪ ወላጆች እንዳስተረጉም ሁለት ዓመት ተከታታይ ተጠርቼ ስለነበር ነገሩን ከጥግ ሆኜ በደንብ አይቼዋለሁ።

መጀመሪያ ደስ ያለኝን ልናገር። ፕሮግራሙ በሰዓቱ ተጀመረ። ይሄ በካምፕ ኑሮ ቀላል ነገር አይደለም። ወላጆች በአግዳሚ ወንበር፣ ልጆች ከፊት ምንጣፍ ላይ ተቀመጡ። ለሱማሌኛ፣ ለዐረብኛ፣ ለስዋሂሊና ለአማርኛ አስተርጓሚ ተመድቧል። ውሃ ነበር። ርእሰ መምህሩም ትሑት ሰው ናቸው፤ በር ላይ ቆመው እያንዳንዱን እናት እጅ ነስተው ነው ያስገቡት። ስለዚህ ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ስለ ሰዎቹ ቅንነት ሳይሆን ስለተባለው ነገር ነው።

ገለጻው የጀመረው «እነዚህ ልጆች ልዩ ናቸው» በሚል ቃል ነው። ሃምሳ ደቂቃ በፈጀው ንግግር ውስጥ ይህ ሐሳብ በተለያየ መልክ እየተመላለሰ መጣ፤ የተመረጡ፣ የተለዩ፣ የነገ መሪዎች። እኛ አስተርጓሚዎች ደግሞ ቃል መፈለግ ነበረብን። በአማርኛ «ባለ ልዩ ተሰጥኦ» አልን። የሱማሌኛው ባልደረባዬ «ሂቦ» አለ፣ የዐረብኛዋ «መውሁብ»፣ የስዋሂሊው «ኪፓጂ»። በኋላ ሻይ ስንጠጣ ቃሎቻችንን ስናስተያይ ገረመን፤ አራቱም ቋንቋ የሚለው ያው ስጦታ ነው፣ የተሰጠ ነገር። እንግሊዝኛው ራሱ ከስጦታ የወጣ ቃል ነው።

እንግዲህ ይህን ቃል ሃይማኖተኛ እናት እንዴት ትሰማዋለች? «እግዜር ሰጥቶታል» ብላ ነው የምትሰማው። መልካም፣ እልል ያሰኛል። ነገር ግን የተሰጠ ነገር ወይ አለ ወይ የለም፤ በመሀል መማር የሚባል ነገር አይታይበትም። ደግሞስ ለአንዱ ልጅ ከተሰጠ ለወንድሙ አልተሰጠውም ማለት ነው? ገለጻው ይህን ጥያቄ ራሱ ቀስቅሶ ራሱ ጥሎት ሄደ። እኛ በአማርኛ ለዕለት ተዕለት የምንጠቀምበት «ጎበዝ» የሚል ቃል አለን። ጎበዝ የሚባለው የሠራ፣ የደፈረ፣ የበረታ ሰው ነው፤ «ጎበዝ ተማሪ» ስንል ተቀምጦ ያጠናውንም ይጨምራል። ለኔ ከ«ተሰጥኦ» ይልቅ ይህ ቃል ለእንዲህ ያለው ቀን የተሻለ ይመስለኛል። አስተርጓሚዎች ብትሆኑ አስቡበት።

ቀጥሎ የመጣው የመግቢያ ፈተናው ጉዳይ ነው። ተናጋሪው «ፈተናው ተሰጥኦን ይለያል» አሉ። ይህ አባባል ሲበዛ ደፋር ነው። ፈተናው በእንግሊዝኛ የተዘጋጀ የሒሳብ፣ የሳይንስና የቋንቋ ወረቀት ነው። አዲስ አበባ እስከ 6ኛ ክፍል በአማርኛ ተምሮ የመጣን ልጅ አስቡት። ላዕልና ታሕት ምን እንደሆኑ በደንብ ያውቃል፤ ክፍልፋይ ይደምራል፣ ያባዛል። ኑመሬተርና ዲኖሚኔተር ሲባል ግን ዝም ይላል። በሱቅ ዋጋ ላይ ስለ ዲስካውንት የሚጠይቅ ጥያቄ ቢመጣበት ቅናሽ ማለት መሆኑን እስኪደርስበት ሰዓቱ ያልቃል። ይህ ልጅ የወደቀው በሒሳብ ነው ወይስ በመጣበት ዓመት? ሦስት ዓመት ቀድሞ ካምፕ የገባው የጎረቤቱ ልጅ ደግሞ ያልፋል። ታዲያ ፈተናው የለየው ምንን ነው?

ይህን የምለው ፈተና አይኑር ለማለት አይደለም። ቦታው ጥቂት፣ ልጁ ብዙ ከሆነ በሆነ መንገድ መምረጥ የግድ ነው፤ ዕጣ ከማውጣትም ሆነ ዘመድ ከመቁጠር ፈተና ይሻላል። ግን ምን እንደሚለካ በሐቅ ይነገር። በዚህ ነገር የታወቀ ታሪክ አለ። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ሉዊስ ተርማን እ.ኤ.አ. በ1921 ዓ.ም. ካሊፎርኒያ ውስጥ ከፍተኛ የማሰብ ችሎታ አላቸው የተባሉ ልጆችን በፈተና እየለየ መመዝገብ ጀመረ። ከ1,500 በላይ ልጆች ሰበሰበና ዕድሜ ልካቸውን ተከታተላቸው። ብዙዎቹ ደህና ቦታ ደርሰዋል። ነገር ግን ተፈትነው የመቁረጫ ነጥቡን ሳያመጡ ከቀሩት መካከል ሁለት ልጆች ነበሩ፤ ዊልያም ሾክሊ እና ሉዊስ አልቫሬዝ። ሾክሊ በ1956፣ አልቫሬዝ በ1968 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት አገኙ። ከተመረጡት ልጆች ግን አንድም የኖቤል ተሸላሚ አልወጣም። ይህን ታሪክ በገለጻው ቀን መናገር ሁለት ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ላለፉት ልጆች ትንሽ ልክ ያስይዛል፤ ያላለፈ ልጅ እቤቱ ላስቀመጠ ወላጅ ደግሞ እስትንፋስ ነው።

ከሁሉ ያስከፋኝ ክፍል የካናዳው ነው። በንግግሩ መካከል በካናዳ የስደተኛ ተማሪዎች ፕሮግራም የሄዱ ልጆች ፎቶ በትልቁ ታየ፤ «እናንተም እንዲሁ» ተባለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ፕሮግራሙ እውነተኛ ነው፤ የካናዳ የዓለም ዩኒቨርሲቲ አገልግሎት በተባለው ድርጅት አማካይነት ከ1978 ጀምሮ ሲሠራ የኖረ፣ ከካኩማም ከዳዳብም ብዙ ወጣቶችን የወሰደ ነው። ግን በዓመት የሚወስደው ከተለያዩ አገሮች ተደምሮ ጥቂት ተማሪ ነው፤ ለዚያውም ሁለተኛ ደረጃ ላጠናቀቀ ነው። ለአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ይህን በመጀመሪያው ቀን ማሳየት ምን ይሉታል? ልጁ ገና የክፍሉን በር አላወቀም። ወላጁስ? እኛ ካምፕ ውስጥ ሪሴትልመንት የሚለው ቃል ምን እንደሚያደርግ የማያውቅ ማነው? ትምህርት ቤቱ በአንድ ፎቶ ምክንያት እቤት ውስጥ እንደ ኬዝ መታየት ይጀምራል። ልጁ አንድ ፈተና ሲበላሽበት የተበላሸው ውጤት ብቻ ሳይሆን የቤተሰቡ መንገድ ሁሉ ይመስለዋል። ይህ ለልጅ ትከሻ የሚጫን ሸክም አይደለም።

በአንጻሩ ወላጆች በእውነት ማወቅ የሚገባቸው ነገር ተረሳ። ለአዲሶቹ ተማሪዎች የታደለው አሥራ አራት ገጽ መመሪያ አሁንም ስለ ኬ.ሲ.ፒ.ኢ. ያወራል፤ ከ500 ይህን ያህል ላመጣ ይላል። ይህ ፈተና ለመጨረሻ ጊዜ የተሰጠው በ2023 ነው! ዛሬ ኬንያ ውስጥ 7ኛ፣ 8ኛና 9ኛ ክፍል መለስተኛ ደረጃ ናቸው። በ9ኛ ክፍል መጨረሻ የሚሰጠው አገር አቀፍ ምዘና በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ ተሰጥቷል። ወደ ከፍተኛ ሁለተኛ ደረጃ ለመመደብ ይህ ምዘና 60 ከመቶ ይይዛል፤ የ6ኛ ክፍሉ ምዘና 20 ከመቶ፣ በ7ኛና በ8ኛ ክፍል በትምህርት ቤት ውስጥ የሚሰጠው ምዘና ደግሞ ቀሪውን 20 ከመቶ። ከዚያ ልጁ ከሦስት መስመሮች በአንዱ ይቀጥላል፦ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ ማኅበራዊ ሳይንስ፣ ወይም ሥነ ጥበብና ስፖርት። እንግዲህ አንድ አባት «7ኛ ክፍል ገና ነው፣ 9ኛ ሲደርስ ይበረታል» ብሎ ቢያስብ ተሳስቷል፤ የ7ኛ ክፍሉ ሥራ ይቆጠራል። ይህን ማን ነገረው? ማንም። ስለ ነጭ ካልሲ ግን ሁለት ጊዜ ተነገረው።

(ካልሲውን በተመለከተ፦ በዚህ አቧራ ነጭ ካልሲ እንዲደረግ የወሰነ ሰው አንድ ቀን ራሱ ያጥበው።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ በዚህ ትችት ከሁሉ አብልጬ ልናገር የምፈልገው ይህን ነው። ገለጻው ስለ ማሸነፍ ብዙ ተናገረ፣ ቦታ ስለ ማጣት ግን ቃል አልተነፈሰም። አስቡት፤ ወደዚህ ክፍል የሚገቡት አርባ ልጆች ሁሉም ከየትምህርት ቤታቸው አንደኛ ወይም ሁለተኛ ሲወጡ የኖሩ ናቸው። አርባ አንደኞች አንድ ክፍል ሲገቡ ሠላሳ ዘጠኙ አንደኛ አይሆኑም። ይህ ስንፍና አይደለም፣ ቁጥር ነው። ግን ማንም ቀድሞ ስለማይነግራቸው የመጀመሪያው ተርም ካርድ ሲመጣ ቤት ይፈርሳል። ልጁ «ደደብ ሆኛለሁ» ይላል። አባት «ልጄን ምን አደረጋችሁት?» ብሎ ይመጣል። እናት ደግሞ ዓይን በልቶታል ብላ ጸበል ትፈልጋለች። አንዲት ልጅ ሃያ ሦስተኛ ወጥታ፣ በፊት ወደነበረችበት ትምህርት ቤት መልሱኝ ብላ ሁለት ሳምንት ከቤት አልወጣችም። አእምሮዋ ያው ነው፤ የተለወጠው አጠገቧ የተቀመጡት ልጆች ናቸው።

ነገሩ እኛ ካምፕ የተፈጠረ አይደለም። ኸርበርት ማርሽ የሚባል ተመራማሪ ከ1980ዎቹ ጀምሮ ያጠናው ነው፤ በትንሽ ኩሬ ትልቅ ዓሣ የነበረ ልጅ ወደ ትልቅ ውሃ ሲገባ ምን ይሆናል የሚል። እኩል ችሎታ ካላቸው ሁለት ልጆች መካከል ከጎበዞች ጋር የተቀመጠው ስለ ራሱ ያለው ግምት ዝቅ ይላል። ይህም በብዙ አገሮች ተደጋግሞ ታይቷል። እንግዲህ የሚጠበቅ ነገር ከሆነ ለምን አስቀድሞ አይነገርም? ሐኪም እንኳ መርፌ ሲወጋ «ትንሽ ያማል» ይላል።

የሚገርመው ከመድረኩ ያልተነገረው ነገር በጉብኝቱ ላይ ተነገረ። አዲሶቹን ልጆች እየዞረች እንድታሳይ የተመደበች የ9ኛ ክፍል ተማሪ ነበረች። ላቦራቶሪውን አሳየች፣ ቧንቧው ጠዋት ብቻ ውሃ እንዳለው አስጠነቀቀች፣ የትኛው ዛፍ ጥላው ረጅም እንደሆነ ተናገረች። ከዚያ ድንገት ቆም ብላ «መጀመሪያ ላይ ታለቅሳላችሁ፤ እኔ ሠላሳ አንደኛ ወጥቼ አልቅሻለሁ፤ ከዚያ የማይገባኝን መጠየቅ ጀመርኩ» አለቻቸው። ልጆቹ እስከዚያ ድረስ እርስ በርስ ሲጎነታተሉ ነበር፤ በዚህ ጊዜ ግን ፀጥ አሉ። ለኔ የዕለቱ ዋና ንግግር ይህ ነው። ሃምሳ ደቂቃው ለሷ፣ አምስት ደቂቃው ለርእሰ መምህሩ ቢሰጥ ኖሮ ቀኑ ይለወጥ ነበር።

ስለ ውዳሴም ትንሽ ልበል፤ መምህራን ይህን ልብ በሉልኝ። ክላውዲያ ሙለርና ካሮል ድዌክ በ1998 ባሳተሙት ጥናት የ5ኛ ክፍል ልጆችን አንድ ሥራ አሠሩና ገሚሱን «ጎበዝ ጭንቅላት አለህ»፣ ገሚሱን «ጥሩ ለፍተሃል» ብለው አመሰገኑ። ቀጥሎ ከበድ ያለ ሥራ ሰጧቸው፤ ሁሉም ተቸገሩ። ጭንቅላቱ የተመሰገነው ቡድን ቶሎ ተስፋ ቆረጠ፤ ከዚያ በኋላ በሠራውም ሥራ ዝቅ አለ። ውጤታችሁን ለሌላ ልጅ ጻፉ ሲባሉ ከዚህ ቡድን ከአሥሩ አራት ያህሉ ነጥባቸውን ከፍ አድርገው ዋሹ። በርግጥ ከዚያ ወዲህ የተደረጉ ትልልቅ ሙከራዎች ስለ ጥረት አጭር ትምህርት መስጠት ብቻውን የሚያመጣው ለውጥ ትንሽ መሆኑን አሳይተዋል። ስለዚህ መድኃኒት አገኘን ብለን አንጩህ። ነገር ግን ሃምሳ ደቂቃ ሙሉ «ልዩ ናችሁ» ከማለት መቆጠብ ምንም አያስወጣም።

የወላጆች ግዴታ የሚለው የመመሪያው ክፍል ደግሞ ለሌላ አገር የተጻፈ ነው የሚመስለው። «ተማሪው ፀጥታ ያለው የጥናት ክፍል፣ ጠረጴዛና በቂ መብራት እንዲኖረው ማድረግ» ይላል። የትኛው ክፍል? ስድስት ሰው በአንድ ቤት በሚያድርበት ብሎክ ይህን ለአንዲት እናት ማንበብ ኃፍረት ማከፋፈል ነው። በ2025 ራሽኑ እንዴት እንደተቀነሰ ሁላችንም ቀምሰነዋል። ልጁ ትምህርት ቤት ሲውል ውሃ የሚቀዳው ማነው? እንጨት የሚለቅመው ማነው? ብዙ ጊዜ የቀረችው እህት ናት፤ ብዙ ጊዜም እሷ ፈተናውን ያላለፈችው ናት። ትምህርት ቤቱ ይህን ሊፈታ አይችልም፤ አልልም። ግን የሚችለውን ሊናገር ይችላል፤ ለምሳሌ ማታ መማሪያ ክፍሎቹ በሶላር መብራት ክፍት ናቸው፣ እስከ ስንት ሰዓት ናቸው፣ ሴት ልጆች እንዴት በሰላም ይመለሳሉ። መብራቱ አለ፤ እኔ አይቼዋለሁ። መመሪያው ውስጥ ግን አልተጻፈም።

በመጨረሻ ለጥያቄ አሥር ደቂቃ ተሰጠ፤ ለአራት ቋንቋ ሲካፈል ስንት እንደሚደርስ እናንተው አስሉት። ከኛ በኩል አንዲት እናት ተነሡ። «መምህር፣ ይሄ ልጄ አልፏል፤ መንትያው አላለፈም። እቤት ስገባ ምን ልበለው?» አሉ። ተረጎምኩ። ከመድረኩ «በሚቀጥለው ዓመት ይሞክር» የሚል መልስ መጣ። እናትዬዋም «እሺ፣ እግዜር ይስጥልኝ» ብለው ተቀመጡ። ጨዋነታቸው ነው እንጂ አልተመለሰላቸውም። ለዚያውም መልሱ ትክክል አልነበረም፤ በመመሪያው ገጽ 3 ላይ ትምህርት ቤቱ ለ7ኛ ክፍል ብቻ እንደሚቀበል፣ ድጋሚ መፈተን እንደማይቻል ተጽፏል።

ምን ሊባሉ ይችሉ ነበር? ብዙ ነገር። ፈተናው የአንድ ቀን ወረቀት መሆኑን። የ9ኛ ክፍሉ አገር አቀፍ ምዘና በዚህም ትምህርት ቤት በሌላውም አንድ ዓይነት መሆኑን፤ ስለዚህ መንትያዎቹ ከሦስት ዓመት በኋላ ያው ወረቀት ላይ እንደሚቀመጡ። ያለፈው ልጅ ደብተሩን ማታ ማታ ለወንድሙ ቢያሳይ ትምህርት ቤቱ ቅር እንደማይለው፣ እንዲያውም መጻሕፍቱን ይዞ እንዲወጣ እንደሚፈቅድ። ይህ የመጨረሻው ገና ያልተፈቀደ ነው፤ መጻሕፍት ከግቢ አይወጡም ይላል ደንቡ። የወላጅ ኮሚቴ አባላት የሆናችሁ በሚቀጥለው ስብሰባ ልታነሱት ትችላላችሁ።

ተማሪዎች ሆይ፣ ለእናንተም አንድ ነገር፤ በተለይ ዘንድሮ ለገባችሁት። በመጀመሪያው ተርም ካርዳችሁ ላይ ያልለመዳችሁትን ቁጥር ካያችሁ ካርዱን አትደብቁ። ያቺን የ9ኛ ክፍል ልጅ ፈልጉና እንዴት እንደጠየቀች ጠይቋት። ከሰዓት በኋላ አብዛኛውን ጊዜ ከላቦራቶሪው በስተጀርባ ካለው ጥላ ሥር ነው የምታጠናው፤ ጥያቄ አትጠላም።

መምህራን ደግሞ፣ አስተርጓሚ ሆናችሁ ስትጠሩ ንግግሩ ከአንድ ቀን በፊት በጽሑፍ ይሰጠን ብላችሁ ጠይቁ። አሮጌውን የፈተና ስምና ነጥብ ማሳረም የሚቻለው ያኔ ነው፤ መድረክ ላይ አስተርጓሚ አለቃውን ሲያርም ደስ አይልም፣ ወላጅንም ግራ ያጋባል።

የመመሪያው የአማርኛ ቅጂ እስካሁን ካሉት አሥራ አራት ገጾች አምስቱን ብቻ ነው የያዘው፤ እነሱም ስለ ዩኒፎርም፣ ስለ ሰዓትና ስለ ቅጣት ናቸው። ስለ ምዘና፣ ስለ ቅሬታ አቀራረብና ስለ ማታ ጥናት የሚያወሩት አልተተረጎሙም። ሦስት መምህራን ጀምረናል። እንግሊዝኛ የሚያነብ አንድ ሰውና ጥሩ የአማርኛ የእጅ ጽሑፍ ያለው ተማሪ ያስፈልገናል፤ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ እንገናኛለን።